የአውጉስት ዲልማን የግእዝ መዝገበ ቃላት፦ የሚሰጠው፣ የማይሰጠውና አጠቃቀሙ

የግእዝ ቃል ፍች የቸገረው ተማሪ መጀመሪያ የሚዘረጋው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ነው፤ ልክም ነው። ፍቹ ከተገኘ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ቃሉ በየትኞቹ መጻሕፍት ተጽፎ ተገኘ? በሄኖክ ያለው አገባብ በፍትሐ ነገሥት ካለው ይለያል? የግሪኩ መጽሐፍ በዚያው ቦታ ምን ይላል? ይህን ለሚጠይቅ ሰው የዲልማንን ቦታ የያዘ ሌላ መጽሐፍ እስከ ዛሬ አልወጣም። እዚህ የምንመዝነው ይህንኑ መጽሐፍ ነው፤ ላቲን የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ ሊሠራበት ይችላል ወይ የሚለውን ጭምር።

መጽሐፉ በ1865 እ.ኤ.አ. በላይፕሲሽ ከተማ በቫይግል አሳታሚነት ወጣ (ካልተገለጸ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቃሉ በግእዝ ፊደል፣ ፍቹ በላቲን፣ ጥቅሱ እንደገና በግእዝ ነው። በየመካከሉ የዕብራይስጥ፣ የዐረብኛ፣ የሱርስትና የግሪክ ቃላት በየራሳቸው ፊደል ይገባሉ። እያንዳንዱ ገጽ ሁለት ዓምድ አለው፤ ቁጥር የተሰጠውም ለገጹ ሳይሆን ለዓምዱ ነው፤ ዓምዶቹ 1,500 ያህል ይሆናሉ። ይህን አለማወቅ ብዙ ሰው ያደናግራል። በጥናት ጽሑፍ ግርጌ «ዲልማን 800» የሚል ማስታወሻ ካያችሁ ስምንት መቶኛውን ገጽ አትፈልጉ። ለሁለት ስትከፍሉት 400ኛው ገጽ አካባቢ ነው፤ በስካን ፋይል ከሆነ ደግሞ በሮማ ቁጥር የተጻፉትን የመግቢያ ገጾች ጨምሩበት። ከመዝገበ ቃላቱ በኋላ ከላቲን ወደ ግእዝ የሚመልስ ማውጫ አለ። መጨረሻው ላይ የስዊዘርላንዱ ተጓዥ ቬርነር ሙንዚንገር ያሰባሰበው የትግረ ቋንቋ ቃላት ዝርዝር ተያይዟል። ይህ የምጽዋና የከረን አካባቢው ትግረ እንጂ ትግርኛ አይደለም፤ ሁለቱን አምታቶ የሚጠቅስ ሰው ስላለ ልብ በሉት።

ስለ ሰውየው ጥቂት ማወቅ መጽሐፉን ለመመዘን ይረዳል። ክርስቲያን ፍሪድሪሽ አውጉስት ዲልማን ሚያዝያ 25 ቀን 1823 በደቡብ ጀርመን፣ በቩርተምበርግ ግዛት ኢሊንገን በምትባል መንደር ተወለዱ። በቲዩቢንገን ዩኒቨርሲቲ በታዋቂው የዕብራይስጥ ሊቅ በሃይንሪሽ ኤቫልድ ሥር ተማሩ። ከ1846 እስከ 1848 ፓሪስ፣ ለንደንና ኦክስፎርድ እየተዘዋወሩ በየቤተ መጻሕፍቱ የተከማቹትን የግእዝ ብራናዎች አንድ በአንድ መረመሩ። የብሪቲሽ ሙዚየሙን ዝርዝር በ1847፣ የኦክስፎርዱን በ1848 አሳተሙ። ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ይዟቸው የሄዳቸው መጻሕፍት በኦክስፎርዱ ዝርዝር ውስጥ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራቸው ሁሉ ወደ መዝገበ ቃላቱ የሚያደርስ ደረጃ ይመስላል። መጽሐፈ ሄኖክን በአምስት ብራናዎች አመሳክረው በ1851 የግእዙን ንባብ፣ በ1853 የጀርመንኛውን ትርጉም አወጡ። ዛሬ ዓለም ሄኖክን በ108 ምዕራፍ ከፍሎ የሚጠቅሰው የእሳቸውን አከፋፈል ይዞ ነው። ኦሪቱን ከ1853 ጀምረው በየክፍሉ አሳተሙ። በ1854 ወደ ኪል ዩኒቨርሲቲ ሄዱ፤ በ1857 ትልቁን የግእዝ ሰዋስዋቸውን፣ በ1859 ኩፋሌን ከሁለት ብራናዎች አመሳክረው አወጡ። በ1864 ጊሰን ገቡ፤ በማግስቱ ዓመት መዝገበ ቃላቱ ታተመ፤ በ1866 ደግሞ ለጀማሪ የሚሆን፣ አጭር የቃላት መፍቻ ያለው የንባብ መጽሐፍ ተከተለ። ከ1869 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ሐምሌ 4 ቀን 1894 ድረስ፣ የበርሊን ዩኒቨርሲቲ የብሉይ ኪዳን መምህር ነበሩ።

ቅደም ተከተሉ ራሱ ትምህርት ነው። መጀመሪያ ብራናው የት እንዳለ አወቁ፣ ቀጥሎ ንባቡን አጠሩ፣ ቀጥሎ የግሱን ሥርዓት አበጁ፣ ቃሉን የፈቱት በመጨረሻ ነው። የግሪክና የላቲን ሊቃውንት በሀገራቸው የለመዱትን የብራና ማመሳከር ሥርዓት ለግእዝ ሙሉ በሙሉ ያዋሉት እሳቸው ናቸው። ኢትዮጵያን አላዩዋትም። የቅኔ ቤት ጉባኤ አልዋሉም። የመጽሐፉ ብርታትም ጉድለትም ከዚሁ ይመነጫል።

አንድ የሚያስደስት ነገር እዚህ ላይ መነሣት አለበት። በመጽሐፉ ውስጥ በየቦታው የሉዶልፍን ስም በአጭሩ ታገኛላችሁ። ሂዮብ ሉዶልፍ የመጀመሪያውን የግእዝ መዝገበ ቃላቱን በ1661 ለንደን፣ የተሻሻለውን በ1699 ፍራንክፈርት ያሳተመው ጀርመናዊ ነው፤ ለእሱ ትልቁ መምህር ደግሞ በ1652 ጎታ ከተማ ድረስ ተጋብዘው የሄዱት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ስለዚህ በዲልማን ዓምዶች ውስጥ የአንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ድምፅ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ይሰማል። ከዚህም ሌላ ዲልማን በአውሮፓ ያገኟቸውን የሰዋስው ብራናዎች እየጠቀሱ በአማርኛ የተሰጠውን ፍች እንዳለ ያስገባሉ። ላቲን የማያነብ ሰው ዓምዱን ሲቃኝ መጀመሪያ እነዚህን የአማርኛ ቁራጮች ይፈልግ፤ ባይበዙም ሲገኙ ነገሩን ቶሎ ያበራሉ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ፊደሉ የተደረደረው በእኛው በሀ ሁ ሥርዓት ነው፤ በዚህ በኩል አለቃ ኪዳነ ወልድ ከተከተሉት ከአበገደ ይልቅ ለዛሬ አንባቢ ይቀላል። ቃሉ የሚቀመጠው ግን በግሱ ሥር ነው። «መልአክ»ን በመ ፈልጎ የሚያጣ ሰው ብዙ ነው፤ ያለው በለ፣ «ለአከ» ሥር ነው። «መጽሐፍ» በ«ጸሐፈ»፣ «ትውልድ» በ«ወለደ» ሥር ነው። ብዙ ቁጥር ከሆነ መጀመሪያ ወደ ነጠላ መልሱት፤ «አህጉር»ን «ሀገር»፣ «አዕይንት»ን «ዐይን» አድርጋችሁ ፈልጉ። «ቆመ»ና «ሞተ»ን የመሰሉት ግሶች ወ እንዳለባቸው ተቆጥረው፣ «ቀወመ» እና «መወተ» ቢባሉ በሚውሉበት ቦታ ይገኛሉ። «ሤመ» ደግሞ በ«ሠየመ» ቦታ ነው።

ሁሉም በቃሉ ከሚያውቀው ከአቡነ ዘበሰማያት አንድ ቃል ወስደን እንሞክር፦ «ይትቀደስ ስምከ»። ከ«ይትቀደስ» ላይ «ይ»ን አንሡ፤ ለወገን («እሱ» የሚለውን መደብ ለማሳየት) የመጣ ነው። ቀጥሎ ያለው «ት» የተደራጊው «ተ» ነው፣ አንሡት። የሚቀረው ቀ፣ ደ፣ ሰ ነው። በቀ ምድብ «ቀደሰ»ን ስታገኙ ከፊቱ የሮማ አንድ ቁጥርና ተራው 2 ተጽፎ ታያላችሁ፤ ይህ ዋናው ግስ ነው። እዚያ አትቁሙ፤ ዓምዱን ተከትላችሁ ውረዱና የሮማ ሦስትና 2 ወደሚለው ሂዱ። «ተቀደሰ» ያለው እዚያ ነው፣ የፈለጋችሁት ፍችም እሱ ነው። ግሱ ካለቀ በኋላ «ቅዱስ»፣ «ቅዳሴ»፣ «መቅደስ» እያለ ዘሩ ሁሉ ይከተላል።

እነዚህ ቁጥሮች የመጽሐፉ ቁልፍ ስለሆኑ በእኛ ሰዋስው ቋንቋ ብናስቀምጣቸው ይሻላል። የሮማው አንድ አድራጊ ነው። ሁለት አስደራጊ ነው፤ «አ» የጨመረው። ሦስት «ተ» የጨመረው ነው። አራት «አስተ» የጨመረው ነው። ተራው ቁጥር ደግሞ የግሱን ቤት ያሳያል፤ 1 የ«ቀተለ»፣ 2 የ«ቀደሰ»፣ 3 የ«ባረከ» ቤት ነው። ስለዚህ የሮማ ሦስትና 1 «ተቀትለ»ን የመሰለ ተደራጊ፣ የሮማ ሦስትና 3 «ተቃተለ»ን የመሰለ ተደራራጊ፣ የሮማ አራትና 3 «አስተቃተለ»ን የመሰለ አደራራጊ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው 1 እና 2ን መለየቱ ነው። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም፤ «ቀተለ» እና «ቀደሰ» በጽሑፍ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ተማሪ የሚለያቸው ካልዓዩን (ገና ያልተፈጸመ ድርጊት የሚያሳየውን አንቀጽ) ሰምቶ ነው፤ አንዱ «ይቀትል»፣ ሌላው «ይቄድስ» ይላልና። መምህር አጠገቡ የሌለ ሰው ግን ከዲልማን ቁጥር ወዲያው ያውቀዋል፤ 2 ካለ መካከለኛው ፊደል ይጠብቃል፣ ካልዓዩም በ«ይቄድስ» መንገድ ይሄዳል። በቅንፍ የሚገባው አንቀጽ ደግሞ ዘንድ የሚባለው («ያደርግ ዘንድ» እንደማለት ያለው) ነው፤ ግሱ «ይቅትል» ወይም «ይልበስ» ማለቱን ያሳያል። በጽሑፍ የሚሠራ የግእዝ ተማሪ ይህን ቅንፍ ዘሎ ማለፍ የለበትም።

የሚበዛው ስሕተት የሚደርሰው በሞክሼ ፊደሎች ነው። በአማርኛ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሠና ሰን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እያቀያየርን መጻፍ ለምደናል። ዲልማን ግን እያንዳንዱን በየቦታው ያስቀምጣሉ፤ በብራናው ላይ ተለዋውጠው ሲያገኟቸውም ዕብራይስጡንና ዐረብኛውን አይተው ሥሩ ይህ ነው ይላሉ። «ሰረቀ» ሌባ ነው፣ «ሠረቀ» ፀሐይ ነው፤ «ምሥራቅ» የሚገኘው በሁለተኛው ሥር ነው። «መሀረ» አስተማረ፣ «መሐረ» ይቅር አለ። «አመት» ገረድ፣ «ዓመት» ዘመን። ስለዚህ ቃሉን ካጣችሁት የለም ብላችሁ አትደምድሙ፤ በየሞክሼው ተራ ሞክሩ። ሦስት ፊደል ያለው ግስ ሁለት ሞክሼ ከያዘ ማየት ያለባችሁ ቦታ አራትና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። አሰልቺ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም። የእሳቸው ፍርድም ሁልጊዜ የመጨረሻ አይደለም፤ ሥሩ በሌሎቹ ሴማዊ ቋንቋዎች ውስጥ ካልተገኘ ብራናዎቹ የሚበዙበትን አጻጻፍ ከመከተል በቀር ምርጫ አልነበራቸውም።

ላቲኑስ? እንደሚፈራው አይደለም። ግሱን የሚተረጉሙት በአርእስት ነው፤ የእኛ ግስ «ቀደሰ፦ አመሰገነ» እንደሚለው ሳይሆን «ማመስገን» እንደማለት። ስለዚህ ቃሉን በማንኛውም የላቲን መዝገበ ቃላት በቀላሉ ታገኙታላችሁ። ዓምዱን በሙሉ ቀድቶ ለኮምፒውተር ተርጓሚ መስጠት ግን አይሠራም፤ የመጻሕፍቱ አጭር ስሞች፣ ግሪኩና ዕብራይስጡ ተደባልቀው የማይረባ ነገር ይወጣል። ከቁጥር ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ሦስት የላቲን ቃላት ብቻ ለይታችሁ ውሰዱ። ከአጠገባቸው ያለው የግሪክ ቃል ትርፍ አይደለም፤ የግእዙ መጽሐፍ ከግሪክ በተተረጎመበት ቦታ የግሪኩ ንባብ ምን እንደነበረ ይነግራችኋል። ለምንጭ አጥኚ ከላቲኑ ፍች የሚበልጠው እሱ ነው።

የመጻሕፍቱን አጭር ስም ለመልመድ መግቢያውን አንድ ጊዜ አንብቡና ዝርዝሩን በወረቀት ገልብጣችሁ ያዙ። የሄኖክ፣ የኩፋሌና የኦሪቱ ግልጽ ናቸው። ፍትሐ ነገሥት በሁለት ፊደል፣ መጽሐፈ ምሥጢር ሁለት ጊዜ በተጻፈ ኤም ይታወቃሉ። የነገሥት መጽሐፍ እንደ ጥንቱ ከአንድ እስከ አራት ነው የሚቆጠረው፤ «ነገሥት 1» የሚለው የዛሬው አንደኛ ሳሙኤል ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ጥቅሱን ሲያመሳክር ቦታው ላይ ሌላ ነገር ያገኝና መጽሐፉ የተሳሳተ ይመስለዋል።

ጉድለቱን በግልጽ እናስቀምጥ። መጽሐፉ የታተመው ከመቅደላ ዘመቻ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በ1868 ከመቅደላ ተዘርፈው ብሪቲሽ ሙዚየም የገቡት 350 ያህል ብራናዎች፣ ዊልያም ራይት በ1877 ዝርዝራቸውን ያወጣላቸው፣ በዚህ መዝገበ ቃላት ውስጥ ምንም ድርሻ የላቸውም። ከዚያ በኋላ በየገዳማቱ የተገኘው፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የታተመው ሁሉ የለም። ቅኔ የሚቆጥር ሰውም ብዙ አይጠብቅ፤ የቅኔ ቤት ሊቃውንት ለአንድ ቃል የሚሰጡት ተጨማሪ ፍች፣ የአንድምታው ሐተታ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚወርደው ምሥጢር እዚህ አይገኝም። በዲልማን ላይ አንድ ፍች አጣሁ ብሎ መምህርን መሞገት ትልቅ ድፍረት ነው፤ መጽሐፉ በ1865 አውሮፓ ውስጥ በነበሩ ብራናዎች ላይ ይህን አየሁ ይላል እንጂ ከዚህ ውጭ የለም አይልም። ጉድለቱን በከፊል ለመሙላት ሲልቫን ግሬቦ በ1952 ፓሪስ ላይ ማሟያ አሳትሟል፤ ፍቹ በፈረንሳይኛ ነው። ያላገኛችሁትን ቃል ቀጥላችሁ እዚያ ተመልከቱ።

ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ድርሻው ይለያል። በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ የሊቃውንቱን ትምህርት ከነእርባታው በአማርኛ ይሰጣል፤ እሱን የሚተካ የለም፤ ዲልማንም አይተካውም። የቮልፍ ሌስላው ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት በ1987 የወጣ፣ ፍቹ በእንግሊዝኛ የሆነ፣ የቃሉን ዝምድና ከአማርኛ፣ ከትግርኛና ከሌሎቹ ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋዎች ጋር በሰፊው የሚያሳይ ነው። ግን ቃሉን በላቲን ፊደል ጽፎ በላቲን ፊደል ተራ ስለሚደረድረው ለእኛ ዓይን ይከብዳል፤ ጥቅስም አይሰጥም። ቶሎ ፍች ለሚፈልግ ሌስላው ይበቃዋል። ንባብ የሚያርም፣ ገድል የሚያሳትም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ የፊሎሎጂ ተማሪ ግን ያለ ዲልማን ሊሠራ አይገባም።

የትኛውን ቅጂ? የ1865ቱ ኅትመት የባለቤትነት መብቱ ስላለፈ ስካኑ በኢንተርኔት በነፃ ይወርዳል። ጥቅሙ ማውጫውና የትግረው ዝርዝር ሳይቀሩበት ሙሉውን መያዙ ነው። ጉዳቱ ደግሞ በግእዝ ፊደል ጽፎ መፈለግ አለመቻሉ ነው። በተጨማሪም በጥቁርና ነጭ ብቻ የተነሡት ፋይሎች ላይ ሰና ሱ፣ ነና ኑ፣ ሐና ሑ በቀላሉ ይምታታሉ። ከመጫናችሁ በፊት አንድ ገጽ አጉልታችሁ የካዕቡና የሣልሱ ቅጥያ ጥርት ብሎ መታየቱን አረጋግጡ፤ በግራጫ ወይም በቀለም የተነሣ ካለ ፋይሉ ቢከብድም እሱን ውሰዱ። የወረቀት ቅጂ የሚፈልግ የ1955ቱን የኒውዮርክ ወይም የ1970ውን የኦስናብሩክ ድጋሚ ኅትመት ያፈላልግ። ሁለቱም የመጀመሪያውን ገጽ በፎቶ ያባዙ ስለሆኑ የዓምዱ ቁጥር አይለወጥም።

ሦስተኛው በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ፣ በሂዮብ ሉዶልፍ ስም በተጠራው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል የተሠራው የድረ ገጽ ቅጂ ነው። ከ2014 እስከ 2019 በአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ድጋፍ በተካሄደ ፕሮጀክት ጽሑፉ በሙሉ ተተይቦ፣ «ቤተ መጻሕፍት» በሚባለው የብራናዎች ድረ ገጽ ላይ ተቀምጧል። በነፃ ይከፈታል፤ በግእዝ ፊደል ጽፎ መፈለግ ይቻላል፤ ከግሬቦ ማሟያ የመጡ ፍችዎችም ተጨምረውበታል። ለዕለት ሥራ ይህን ያህል የሚመች የለም፤ በተለይ ሥሩን እርግጠኛ ላልሆናችሁበት ቃል የተፈታውን ብቻ ሳይሆን በጥቅስ ውስጥ ያለውንም ቦታ ያወጣላችኋል። ነገር ግን ስትጠቅሱ የተጨመረውን የዲልማን አታድርጉት፤ ዓምዱን በስካኑ ላይ አመሳክራችሁ 1865 ላይ የነበረውን ለይታችሁ ጻፉ።

ለጀማሪ ዘላቂ የሚሆነው አያያዝ እንዲህ ነው፦ ፍለጋውን በድረ ገጹ፣ ማረጋገጫውን በስካኑ፣ ፍቹን በኪዳነ ወልድ። የግሱ ቁጥር ግራ ካጋባችሁ የዲልማንን የራሳቸውን ሰዋስው አጠገባችሁ አድርጉ፤ ካርል ቤትሶልድ በ1899 አሻሽሎ ያሳተመው በ1907 ወደ እንግሊዝኛ ስለተተረጎመ ጀርመንኛ ማወቅ አይጠይቅም። መዝገበ ቃላቱ ስለ ግሱ ሥርዓት ዝም ብሎ የሚያልፈው ሁሉ እዚያ በአንቀጽ በአንቀጽ ተዘርዝሯል።